ሰማያዊው ክብ በቀኝ ሲመጣ እጅ ለምን ይዘገያል? የሳይመን ሙከራን በአንድ ላፕቶፕ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ሁሌ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። «የሳይመን ሙከራን ሠራሁት፣ ግን ምንም ልዩነት አላገኘሁም። ምን ላድርግ?» ዳታውን ልከውልኝ ሳየው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ተሳታፊዎቹ ጋ አይደለም። ዝግጅቱ ላይ ነው። የምንፈልገው የመልስ ጊዜ ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ አንድ ጊዜ ዓይን ለማርገብገብ ከሚፈጀው ጊዜ ያንሳል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በዝርክርክ ዝግጅት ውስጥ በቀላሉ ይጠፋል። ግን በሥርዓቱ ከተሠራ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ጠዋት ይበቃዋል።

የምትለኩትን እወቁ

ስክሪኑ ላይ ክብ ይመጣል። ሰማያዊ ከሆነ በግራ እጅ፣ ብርቱካናማ ከሆነ በቀኝ እጅ ቁልፍ መጫን ነው። ሥራው ይኸው ነው። ክቡ ግን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ በኩል ብቅ ይላል። የመጣበት ቦታ ለመልሱ ምንም አይጠቅምም፤ ተሳታፊውም ይህን ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ሰማያዊው በግራ ሲመጣ እጁ ይፈጥናል፣ በቀኝ ሲመጣ ይዘገያል፣ ስህተትም ይበዛል።

ምክንያቱ ቦታው ማንም ሳይጠይቀው ራሱን የሚያስገባ መሆኑ ነው። ቀለሙ ገና እየተለየ ሳለ፣ ቦታው በዚያው በኩል ያለውን እጅ ቀስቅሶታል። ቀለሙና ቦታው ከገጠሙ ይህ ቅስቀሳ ያግዛል። ከተጋጩ ደግሞ የተቀሰቀሰው እጅ መገታት አለበት፣ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ይህ ቅስቀሳ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይከስማል። ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ማስጠንቀቂያ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ክቡ አንዴ መጥቶ መልስ እስኪሰጠው ያለውን «ዙር» እላለሁ። ቀለሙ የሚያዘው እጅና ክቡ የመጣበት ጎን ሲስማሙ «የሚገጥም ዙር»፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ «የሚጋጭ ዙር» ነው።

1. ቦታና ሰዓት ምረጡ

ጣና ዳር ካፌ ውስጥ አትሥሩት። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ግን የጀልባው ሞተርና የሰው ጫጫታ አያሠራም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና የማይሽከረከር ወንበር ይበቃችኋል።

መስኮቱ ወደ ሐይቁ ከሆነ መጋረጃውን ዝጉ። ውሃው ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ይወድቃል። እኔ ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬን ሐይቁ አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ መስኮቱን ከፍቼ ሠራሁት። ቀለሞቹ ፈዘዙ፣ ልጆቹም ሰማያዊ ነው ብርቱካናማ የሚለውን ለመለየት ዓይናቸውን እያጠበቡ ሲመልሱ አማካይ ጊዜያቸው ወደ 700 ሚሊ ሰከንድ ወጣ፣ የፈለግኩት ልዩነትም የለም። አያችሁ፣ ቀለሙ እስኪለይ ድረስ የቦታው ቅስቀሳ ከስሞ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡኝን ልጆች እንደገና መለመን ነበረብኝ።

ሰዓቱን ከጠዋቱ 3 እስከ 6 አድርጉት። ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ሙቀት ያደክማል። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው ካለ ለሌላ ቀን ቅጠሩት። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ወይም ጫት ቅሞ የመጣም እንዲሁ።

2. ላፕቶፑን አዘጋጁ

በስልክ አትሥሩት። ይህን በብርቱ እለምናችኋለሁ። የስልክ ስክሪን ንክኪውን የሚመዘግብበት ፍጥነት ከዙር ዙር ይለያያል። ሁልጊዜ እኩል የሆነ መዘግየት ብዙም አይጎዳንም፣ ሁለቱንም ዓይነት ዙር እኩል ስለሚጨምር ስንቀንስ ይጠፋል። የሚጎዳው የሚለዋወጠው ነው።

ሀ. ሳይኮፓይ ወይም ኦፕንሴሰሚ የሚባለውን የሙከራ መሥሪያ ፕሮግራም ጫኑ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፋይላቸው ትልቅ ስለሆነ ዋይፋይ በደህና በሚሠራበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱ፣ በሙከራው ዕለት ጠዋት አይሆንም።

ለ. ኢንተርኔቱን አጥፉ። ቴሌግራምን፣ ብራውዘሩን፣ አንቲቫይረሱ የሚያደርገውን ፍተሻ ሁሉ ዝጉ። ዙሩ መሀል ላይ ብቅ የሚል መልእክት ያንን ዙር ያበላሸዋል።

ሐ. የአማርኛ መጻፊያውን ዝጉ። ፓወር ግዕዝም ሆነ ኪማን ክፍት ከሆነ የተጫነውን ቁልፍ ወደ ፊደል ሊቀይረውና ፕሮግራማችሁ መልሱን ላያውቀው ይችላል። «ልጅቷ እየጫነች ምንም አልተመዘገበም» ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

መ. ቻርጀሩን ሰኩ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ብዙ ላፕቶፕ ወዲያው ኃይል ወደ መቆጠብ ይገባል፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ከኃይል ቅንብሩ ገብታችሁ በባትሪ ሲሠራም ብሩህነቱ እንዳይቀንስ አድርጉ። መሀል ላይ ጠፍቶ ስክሪኑ ከተቀየረ ያን ሰው ከመጀመሪያ አታስጀምሩት። የተቋረጠበትን የሙከራውን ክፍል (ተራ ቁጥር 4 ላይ የምነግራችሁን 40 ዙር) ብቻ ድገሙ፣ ማስታወሻችሁ ላይም ጻፉት።

ሠ. ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ዳታውን እንዲያስቀምጥ አድርጉ። መጨረሻ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ከሆነ አንድ መቋረጥ ሁሉንም ይወስደዋል።

3. ክቦቹንና ቁልፎቹን ወስኑ

ቀይና አረንጓዴ አትጠቀሙ። ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች ዘንድ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው አያውቁትም። ሰማያዊና ብርቱካናማ ይሻላሉ። ደማቅ ይሁኑ። ጀርባው ግራጫ ይሁን።

ተሳታፊው ከስክሪኑ 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ። በዚህ ርቀት ስክሪኑ ላይ ያለ 1 ሴንቲ ሜትር በእይታ ማዕዘን 1 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ሪፖርት ስትጽፉ ይቀላችኋል። ክቡ ከመሀል 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሁን።

ለቁልፍ ዜድንና ኤምን ውሰዱ፣ ላያቸው ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ሁለቱን ሺፍት አትጠቀሙ። ዊንዶውስ ላይ ሺፍት አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን የማስጠንቀቂያ ሳጥን ይከፈታል፣ ሙከራውም እዚያው ይቆማል። ቁጥሮቹ በቀኝ በኩል ለብቻ ያሉበት ሰፊ ኪቦርድ ከሆነ ፊደላቱ ወደ ግራ ያደላሉ። ያኔ ሰውየው በሁለቱ ቁልፎች መካከል ሳይሆን በስክሪኑ መሀል ትይዩ መቀመጡን አረጋግጡ።

ሁለት እጅ፣ ሁለት ጠቋሚ ጣት። በአንድ እጅ ሁለቱንም መጫን አይፈቀድም።

4. የዙሮቹን ዝርዝር ሥሩ

ሁለት ቀለም በሁለት ቦታ ሲባዛ አራት ዓይነት ዙር ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍል 40 ዙር ይኑረው፣ ከአራቱም አሥር አሥር። አራት ክፍል ሲሆን 160። ከዚያ በፊት 20 የመለማመጃ ዙር።

አሁን ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ ይደባለቅ። የሚገጥሙትን ለብቻ፣ የሚጋጩትን ለብቻ አታድርጉ። ሰው የሚጋጭ ዙር ካለፈ በኋላ ቦታውን መከላከል ይጀምራል፣ በሚቀጥለው ዙር ልዩነቱ ያንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የሚጋጩትን በተከታታይ ብትደረድሩ ልትለኩት የፈለጋችሁትን በእጃችሁ አፈናችሁት ማለት ነው። ብዛታቸውም ግማሽ በግማሽ ይሁን። የሚጋጩት ሲበዙ ሰው «ሁሌ ከተቃራኒው ነው» ብሎ ይለምደዋል፣ ውጤቱ ሊገለበጥም ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለግማሹ ተሳታፊ ሰማያዊ ግራ፣ ለግማሹ ሰማያዊ ቀኝ ይሁን። ለሁሉም ሰማያዊን ግራ ካደረጋችሁ «ሰማያዊ ግራ በኩል ሲሆን በደንብ ይታያል ይሆናል» ለሚል ጠያቂ መልስ የላችሁም። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው (1፣ 3፣ 5) በአንዱ መንገድ፣ ጥንድ ቁጥር ያላቸው በሌላው። ይህን ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

5. የአንዱ ዙር አካሄድ

ሀ. መሀል ላይ የመደመር ምልክት ለ500 ሚሊ ሰከንድ ይታያል።
ለ. ክቡ በግራ ወይም በቀኝ ይመጣል። ምልክቱ አይጥፋ፣ ዓይን እዚያው እንዲያርፍ።
ሐ. ተሳታፊው ሲጫን ክቡ ይጠፋል። 1500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ «ፈጠን በል» ወይም «ፈጠን በይ» የሚል ጽሑፍ ይምጣ።
መ. 1000 ሚሊ ሰከንድ ባዶ ስክሪን። ከዚያ ቀጣዩ።

ትክክል ነው ስህተት ነው የሚለውን መልስ በመለማመጃው ብቻ አሳዩ።

ብዙ የላፕቶፕ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፣ አንዱ እድሳት 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የምትሰጡት ጊዜ የዚህ ብዜት ይሁን። 500 ሚሊ ሰከንድ ልክ 30 እድሳት ስለሆነ ደህና ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ክቡ ስክሪኑ ላይ ከወጣ በኋላ መሆኑን ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ አረጋግጡ። ከመደመር ምልክቱ ጀምሮ ከቆጠረ ሁሉም ቁጥር በ500 ያድጋል። ማንም ሰው 950 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሲመልስ ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ።

6. መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩት

ሙሉውን 160። ከዚያ ፋይሉን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። የተሳታፊ ቁጥር፣ የክፍል ቁጥር፣ ቀለም፣ ቦታ፣ የተጫነው ቁልፍ፣ ትክክል ወይም ስህተት፣ ጊዜ፤ ሰባቱም ዓምድ አለ? ሆን ብላችሁ አምስት ጊዜ ተሳስታችሁ ከሆነ አምስት ስህተት ተመዝግቧል? ይህን ሳታዩ ሰው አትጥሩ። እኔ ጋ ከሚመጣው ብልሽት ትልቁ ክፍል በዚህች ግማሽ ሰዓት የሚያዝ ነበር።

7. ተሳታፊውን አስቀምጡና አስረዱ

ከ20 እስከ 30 ሰው በቂ ነው። አንዱ ሰው ከነማስረዳቱ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስሙን አትጻፉ፣ ቁጥር ስጡት። ፈቃዱን ጠይቁ፣ በፈለገ ሰዓት ማቆም እንደሚችል ንገሩት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አማካሪያችሁን ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ።

መመሪያውን ለሁሉም በአንድ ቃል አንብቡ፣ ቁልፍ ለተቀያየረላቸው ብቻ ሁለቱን ቀለሞች አቀያይሩ። እኔ የምለው ይህ ነው፦

«ክብ ይመጣል። ሰማያዊ ከሆነ በግራ እጅሽ፣ ብርቱካናማ ከሆነ በቀኝ እጅሽ ተጫኚ። የት እንደመጣ አይመለከትሽም፣ ቀለሙን ብቻ እዪ። ዓይንሽ መሀል ላይ ይሁን። ሳትሳሳቺ፣ በተቻለሽ መጠን በፍጥነት።»

የመጨረሻዋን ቃል አትዝለሉ። «በጥንቃቄ ሥሪ» ብቻ ካላችኋት ትዘገያለች። ስትዘገይ ቅስቀሳው ይከስማል። «ፍጠኚ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ስህተቱ ይበዛል። ሁለቱም ይነገር።

ፈተና ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ይዘገያል። አንድ ጊዜ የግቢያችን ጥበቃ ሊሳተፉልኝ ተቀምጠው «ልጄ፣ ብወድቅ ይጻፍብኛል?» አሉኝ። «የሚወድቅ የለም ጋሼ፣ እርስዎን ሳይሆን ጊዜውን ነው የምንለካው» ስላቸው ትከሻቸው ሲፈታ አየሁት። እንዲህ በሏቸው። ምን እየፈለጋችሁ እንደሆነ ግን ከማለቁ በፊት አትናገሩ።

በመለማመጃው ከ20 ዙር ቢያንስ 16ቱን በትክክል ያልመለሰ ይድገመው። በክፍሎቹ መካከል አንድ ደቂቃ ይረፍ። እናንተም ከኋላው አትቁሙ፣ ስልኩ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ ይሁን።

8. ዳታውን አጽዱ

ደንቡን ዳታውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉ። ውጤቱን እያያችሁ ድንበሩን ካንቀሳቀሳችሁ የምታገኙት የፈለጋችሁትን ነው። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦

መለማመጃውን አውጡ። የእያንዳንዱን ክፍል የመጀመሪያ ዙር አውጡ። የተሳሳቱትን ከጊዜው ስሌት አውጡ፣ ግን አትሰርዟቸው፣ ለብቻ ይቆጠራሉ። ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች የሆነው ክቡን ሳያይ የተጫነ ነው፣ አውጡት። ከጠቅላላው ከ80 በመቶ በታች ትክክል የመለሰ ሰው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ሪፖርቱም ላይ ይነገራል።

9. አስሉ

ሀ. ለእያንዳንዱ ዙር «የሚገጥም» ወይም «የሚጋጭ» የሚል ዓምድ ጨምሩ። የሚነጻጸረው ክቡ የመጣበት ጎንና ትክክለኛው ቁልፍ ያለበት ጎን ነው። ቀለምና ጎን አይደለም።
ለ. ኤክሴል ላይ በፒቮት ቴብል (ዳታን በየምድቡ ጠቅልሎ በሚያሰላው ሠንጠረዥ) ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት አማካይ አውጡ፣ አንዱ ለሚገጥመው፣ አንዱ ለሚጋጨው።
ሐ. ከሚጋጨው የሚገጥመውን ቀንሱ። ለምሳሌ አንዱ ሰው በሚጋጨው 444፣ በሚገጥመው 418 ካለው ልዩነቱ 26 ሚሊ ሰከንድ ነው።
መ. የሁሉንም ሰው ልዩነት አማካይ አውጡ፣ ጥንድ ቲ ቴስት (የየሰዉን ሁለት አማካዮች የሚያነጻጽር የስታቲስቲክስ ስሌት) ሥሩ።

የ24 ሰው 160 ዙር አንድ ላይ ደባልቃችሁ ወደ 3800 የሚጠጋ ነጻ ዳታ አለኝ አትበሉ። ያላችሁ 24 ሰው ነው።

ስህተቶቹንም በሁለቱ ዓይነት ቁጠሩ። በሚጋጨው ቢበዙ ከጊዜው ጋር ይስማማል። በሚጋጨው ጊዜው ረዝሞ ስህተቱ ካነሰ ግን ሰዎቹ እዚያ ላይ ጥንቃቄ መርጠው ሊሆን ስለሚችል ጊዜውን ብቻውን አትመኑት።

10. ልዩነቱ ካልታየ

ወዲያው «ሙከራው አልሠራም» አትበሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

መጀመሪያ የተሳታፊዎቹን ልዩነት በዓይን እዩ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሁሉ ፕላስ 25 አካባቢ፣ ጥንዶቹ ሁሉ ማይነስ 25 አካባቢ ሆነው አማካዩ ዜሮ ከሆነ፣ ውጤቱ አለ። ቁልፍ የተቀያየረላቸውን ሰዎች በአንዱ ቀመር ስለሠራችኋቸው ነው የተጣፋው። ግድግዳው ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት አምጡና ዓምዱን አስተካክሉ። ይህ ስህተት እጅግ የተለመደ ነው፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሊጥለው ሲል በአሥር ደቂቃ የተስተካከለ ዳታ አይቻለሁ።

ሁለተኛ አማካይ ጊዜውን እዩ። ከ600 በላይ ከሆነ ሰዎቹ ቀርፋፋ ነበሩ። የእያንዳንዱን ሰው ዙሮች ከፈጣኑ ወደ ቀርፋፋው ደርድሩና ለአራት ክፈሉ። በፈጣኑ ሩብ ልዩነቱ ካለ፣ በቀርፋፋው ከጠፋ፣ ችግሩ ተገኘ። ቀለሞቹን አድምቁ፣ ብርሃኑን አስተካክሉ፣ መመሪያው ላይ «በፍጥነት» የሚለውን መልሱ፣ ከዚያ እንደገና ሰብስቡ። በነገራችን ላይ የቀለም ስም በሌላ ቀለም ተጽፎ በሚሠራው የስትሩፕ ሙከራ ልዩነቱ በቀርፋፋ መልሶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያድጋል እንጂ አይጠፋም፣ ስለዚህ የአንዱን ምክር ለሌላው አትውሰዱ።

ሦስተኛ የዙሮቹን ቅደም ተከተል እዩ። ፕሮግራሙ እውነት ደባልቋል ወይስ በዝርዝሩ ተራ ነው የሄደው?

አራተኛ የሰዉን ብዛት። ስምንት ሰው ይዛችሁ የ25 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ብታጡ አይገርምም። ግን ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ አንድ አንድ ሰው እየጨመራችሁ አታስሉ። ቁጥሩን ቀድማችሁ ወስኑና እዚያው አቁሙ።

አንድ ሁለት ሰው ብቻ ማይነስ ከሆኑ አትንኳቸው። አታውጧቸውም።

11. በድምፅ መሥራት ከፈለጋችሁ

ሙከራው በስሙ የሚጠራው ተመራማሪ ሳይመን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሥራ ባልደረባው ጋር ያወጣው ጥናት በድምፅ ነበር፦ «ቀኝ» እና «ግራ» የሚሉ ቃላት በአንዱ ጆሮ ይሰማሉ፣ ተሳታፊው ቃሉ እንዳለው ይጫናል፣ የተሰማበት ጆሮ ግን ጊዜውን ይቀይረዋል። በአማርኛ ለመሥራት ምቹ ነው፣ «ቀኝ»ም «ግራ»ም አጭር ናቸው።

በአንድ ሰው ድምፅ ቅዱ። ከቃሉ በፊት ያለውን ዝምታ ከሁለቱም ቆርጣችሁ እኩል አድርጉ፣ ከፍታቸውንም አመጣጥኑ። ብሉቱዝ ማዳመጫ አትጠቀሙ፣ ድምፁን ያዘገያል። ባለ ሽቦ ይሁን። የቀኙ ማዳመጫ በቀኝ ጆሮ፣ የግራው በግራ መሆኑን ለእያንዳንዱ ሰው በእጃችሁ አረጋግጡ፣ ተገልብጦ ከተደረገ የዚያ ሰው ውጤትም ይገለበጣል።